እምቦጭን በስልክ ቪዲዮ እንዴት ላስተምር?

የፎገራዋ መምህርት
ጤና ይስጥልኝ። መምህራን ኮሌጅ ውስጥ የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ጣና ቅርባችን ነው። ሰልጣኞቼን በቡድን ስለ እምቦጭ ቪዲዮ እንዲሠሩ አዘዝኳቸው። የመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ከኢንተርኔት የወረደ ሐይቅ፣ ዋሽንት፣ ከዚያ በወፍራም ድምፅ «ጣናን እንታደግ!»። አንዱ ቡድን ጭራሽ የባዕድ አገር ሐይቅ ለጥፏል፤ ጀልባው ላይ ያለው ጽሑፍ የማናውቀው ፊደል ነው። ነገ ሕፃናት የሚያስተምሩ ናቸው፣ መፈክር ይዘው እንዲወጡ አልፈልግም። ያለን የራሳቸው ስልክ ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠመኔና ስልክ
እህቴ፣ ርዕሱ ሰፍቶባቸዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ ስጫቸው። ሙዚቃም ትረካም ክልክል። እኔ ጋ መጀመሪያ አጉረመረሙ። ኋላ አንዷ የዓሣ አስጋሪ እጅ ብቻ ቀርጻ መጣች፤ የእምቦጩን ሥር ከመረቡ ዓይን እየፈለቀቀ ሲያወጣ። ጥያቄው ያን ቀን ጎረፈ። ከየት መጣ? ተነቅሎስ የት ይጣላል? መነሻው ደቡብ አሜሪካ መሆኑን፣ ጣና ላይ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 መሆኑን ስነግራቸው ጆሯቸውን ሰጡኝ።
ደግሞ በቴሌግራም ሲልኩልሽ እንደ ፋይል ይላኩት፣ አለዚያ ይደበዝዛል።

ባዮሎጂው
አንድ ተክል በባልዲ አድርጊና በየቀኑ ከአንድ ቦታ ፎቶ ይነሣ። ፎቶዎቹ ሲቀጣጠሉ አበዛዙ በዓይን ይታያል። ከተመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የደምቢያ ልጅ
ወንድሜ ባዮሎጂው፣ ሐሳብህ ሸጋ ነው፤ ግን እምቦጭን ከሐይቁ አውጥቶ ግቢ ማስገባት አይሆንም! ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አንዱ ባልዲውን ቦይ ውስጥ ደፋው ማለት ሌላ ጣጣ ነው። እዚያው ዳር እንጨት ተክላችሁ ስልኩን እሱ ላይ አስደግፉ። ክረምቱ እንደወጣ ጀምሩ፣ የሚንሰራፋው ያኔ ነው። ነፋስ ስለሚገፋው ዛሬ የሞላው ዳር ነገ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶውንም ያንሱት፤ «ጠፋ» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የፎገራዋ መምህርት
እግዜር ይስጥልኝ። ማርኩስ? ለቅንብር 20 ይዤ ነበር።

ጠመኔና ስልክ
በዛ፣ 5 ይበቃዋል። ለልምምድ ሲወጡ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ያሳዩት። ልጆቹ የጠየቁትን እንዳለ ጽፈው ያምጡልሽ፣ ማርኩን እዚያ ላይ አድርጊው። ፕሮጀክተር ከሌለ አምስት አምስት ልጅ በአንድ ስልክ ይታያል።