«ዋጋ ያልከፈለ ተዋናይ አይባልም»? የዲ ኒሮ ነገር

ረዳት ዳይሬክተሩ፦
የትናንት ማታውን የሬዲዮ እንግዳ የሰማችሁ ካላችሁ እስኪ አብርዱኝ። «ሮበርት ዲ ኒሮ ለአንድ ፊልም 27 ኪሎ ጨመረ፤ የእኛዎቹ ግን ፀጉራቸውን እንኳ አይቆረጡም። ዋጋ ያልከፈለ ተዋናይ አይባልም» ብሎ ዘጋው። አዘጋጁም «በጣም ትክክል!» ብሎ ወደ ማስታወቂያ። ከአያት እስከ ሰንዳፋ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የሚውል ተዋናይ ሁሉ ሰነፍ ተባለ ማለት ነው።

የጣፎው ልጅ፦
ምኑ ያናድዳል? እውነቱን ነው። ሬጂንግ ቡል የተባለውን ፊልሙን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። መጀመሪያ ቦክሰኛውን ሆነ፣ ያውም ባለታሪኩ ጄክ ላሞታ ራሱ አሰልጥኖት። ቀጥሎ ያንኑ ሰው ወፍሮ፣ ወድቆ፣ ትንፋሽ አጥሮት አሳየን። እኛ ጋ ቦርጭ ሲፈለግ ትራስ ይታሰራል። በ1981 ኦስካሩን ዝም ብለው ነው የሰጡት? (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።)

ረዳት ዳይሬክተሩ፦
ዲ ኒሮን ማን ነካብህ? እኔ ያነሳሁት «ዋጋ የከፈለ» የምትለዋን ነው። ማን ነው የከፈለው? የቦክሱ ክፍል ቀድሞ ተቀረጸ። ከዚያ ሥራው ቆመ፤ እሱ ጣሊያንና ፈረንሳይ ሄዶ በላ፤ ሠራተኛው በዚያ ሁሉ ጊዜ ደመወዙን እየወሰደ ጠበቀው። 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት ፊልም ነው፣ ያውም በዚያን ጊዜ ዶላር። ሂሳቡ የመጣው ለፕሮዲውሰሩ ነው። እኛ አንድ ቪላ በቀን ተከራይተን የሳሎን ትዕይንት የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ቀን እንጨርሳለን። ሰውዬው ጠዋት የተጫጨበት ሶፋ ላይ ከሰዓት ይፋታል። መቼ ይወፍርልህ? ምሳ ሰዓት ላይ?

ቡም ያዥ፦
ምሳ ሰዓት ላይ! ፓስታ በስጎ ለሁለት እየተካፈለ ነው የሚወፍረው?

ኤዲተሩ፦
እስኪ በቁጥር እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። 27 ኪሎ ስትለው 208 ሺህ አካባቢ ይመጣል። አራት ወር ሰጠነው እንበል፣ በቀን ከሚያስፈልገው በላይ 1,700 ካሎሪ መጨመር አለበት። በእኛ ቤት ቋንቋ ቁርስ፣ ምሳና ራቱን ከበላ በኋላ በየቀኑ 200 ግራም ገደማ ንጥር ቅቤ። በአራት ወር 23 ኪሎ ቅቤ አለፈ። የዛሬን የቅቤ ዋጋ የምታውቁ ፕሮዲውሰሮች ድምፃችሁን አሰሙ።

የጣፎው ልጅ፦
መቀለድ ቀላል ነው። 23 ኪሎ ቅቤ የሚውጠው ጉሮሮ ግን የእሱ እንጂ የፕሮዲውሰሩ አይደለም። ትንፋሹ ከመክበዱ የተነሳ ዳይሬክተሩ ስኮርሴዚ ፈርቶ የቀረጻው ድግግሞሽ ቁጥር እንዲቀንስ አድርጓል። ይሄ ዋጋ ካልሆነ ምን ይባላል?

ሰብሊ ሜክአፕ፦
ኪሎውን ተዉትና «ፀጉራቸውን አይቆረጡም» የሚለው ላይ ልምጣ። የታክሲ ድራይቨር መጨረሻ ላይ ጎንና ጎኑን ተላጭቶ መሃሉ ላይ ቁንጮ ያቆመበትን ታስታውሳላችሁ አይደል? ዲ ኒሮ አልተላጨም! ዲክ ስሚዝ ነው የሠራለት፣ ያው ማርሎን ብራንዶን ለጎድፋዘር ያስረጀው ሰውዬ። ፀጉሩን ከሥሩ አስተኝቶ፣ የመላጣ ቆብ አልብሶ፣ ቁንጮውን በፈረስ ፀጉር ሠራለት። ለምን? ቀጥሎ ዘ ላስት ታይኩን የሚባል ፊልም ነበረበት፤ ፀጉሩ ለዚያ ያስፈልግ ነበር። የእኛም ልጆች የማይቆረጡት በሳምንት ሦስት ቀን ተከታታይ ድራማ ላይ ስላሉ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው። እሱ ሲያደርገው ሊቅ፣ የእኛ ልጅ ሲያደርገው ሰነፍ!

ረዳት ዳይሬክተሩ፦
ሰብሊዬ ኑሪልኝ። ይቺን ለሬዲዮ ጣቢያው ላኪልኝ።

የጣፎው ልጅ፦
ታክሲውን ግን ነድቷል! የኒው ዮርክ የታክሲ ፈቃድ አውጥቶ፣ በጎድፋዘር 2 ኦስካር ከወሰደ በኋላ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ነድቷል። ይሄንንስ በምን ቆብ ልትሸፍኑት ነው?

ቡም ያዥ፦
ከመገናኛ አያት አንድ ሳምንት ሚኒባስ ይንዳ እስኪ። ያለ ልምምድ የፊልሙን ባለታክሲ ትራቪስን ሆኖ ይወርዳል።

የሰንዳፋ ካሜራ፦
ሰብሊ፣ እውነት እናውራ ከተባለ ግን እዚህ የሚሠሩት የመላጣ ቆቦች ያስቃሉ። ግንባር ላይ ያለው መስመር ከሰፊ ሾት እንኳ ይታያል። ተዋናዩ «ሜክአፕ ይሠራልኛል» ብሎ ፀጉሩን ያድናል፤ ፊልሙ ይበላሻል።

ሰብሊ ሜክአፕ፦
መስመሩ የሚታየው ላቴክስ ቆብ ገዝታችሁ ስለምታመጡ ነው! ላቴክስ ጠርዙ አይሟሟም። ፕላስቲኩ ግን ከተለጠፈ በኋላ ጠርዙን በጥጥ እንጨት ትንሽ አሴቶን አስነክተህ ታሟሟዋለህ፣ ከቆዳው ጋር ይቀልጣል። አሴቶኑ ዓይን አጠገብ እንዳይደርስ፣ ክፍሉም መስኮቱ ይከፈት። ማጣበቂያው ከግንባር ይጀምራል፣ ቀጥሎ ማጅራት፣ ጎኖቹ መጨረሻ። ማጅራቱ ሲለጠፍ ተዋናዩ ቀና ብሎ ወደ ኋላ ትንሽ ማዘንበል አለበት፤ አቀርቅሮ ከተለጠፈ ቀና ባለ ቁጥር ይጨማደዳል። ቀለሙን በብሩሽ አትቀባም፣ በተቦጫጨቀ ስፖንጅ ነጠብጣብ ታደርጋለህ፣ ቀይ፣ ቡኒ፣ ቢጫ እያፈራረቅህ። ለዚህ ሁለት ሰዓት ስጡኝ ስል «በሃያ ደቂቃ ጨርሺ፣ ፀሐይ እየሄደች ነው» ትሉኛላችሁ። ዋጋ መክፈል ያቃተው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ አስቡት። ቆቡ ደግሞ የአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ያንኑ ልለጥፍ ያለ ሰው ጠርዙ የለም፤ ትናንት አቅልጦታል።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
ልጆች፣ ኪሎና ፀጉር ስትለኩ ትወናውን ረሳችሁት። የዲ ኒሮ ትልቁ ሥራ ለእኔ ኪንግ ኦፍ ኮሜዲ ነው፣ 1982። አንድ ኪሎ አልጨመረበት፣ አንድ ኪሎ አልቀነሰበት። ሱፍ፣ ቀጭን ጺምና የማይጠፋ ፈገግታ። ሰው ሲሰድበው ፈገግታው ቦታውን አይለቅም፤ ሰው «ሂድ» ሲለው ገና የተጋበዘ ይመስለዋል። ከቦክሰኛው ይልቅ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። የሬዲዮው ሰውዬ ይህን አላየም፣ ወይም አይቶ የሚመዝንበት ሚዛን አጣ።

የጣፎው ልጅ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እርስዎ ያሉትን ሥራ የሠራው ሬጂንግ ቡልን ከሠራ በኋላ ነው። ያ ሥጋ ውስጥ ገብቶ መውጣት ነው ይሄኛውን የወለደለት።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
ከዚያ በፊት በ1973 የሠራው ሚን ስትሪትስ ከየት ተወለደ ታዲያ?

የሰንዳፋ ካሜራ፦
ከየት እንደተወለደ ሳይሆን የት እንደሞተ ንገሩኝ። ሚት ዘ ፔረንትስ ከሚባለው ኮሜዲ ወዲህ ያው ቅንድብ፣ ያው የአፍ ጠማማ። በ2016 ደርቲ ግራንድፓ የሚባለውን ያየ ሰው «ዋጋ ከፍሏል» ሲል ዋጋ ተከፍሎታል ማለቱ መሆን አለበት። ለኬፕ ፊር ጥርሱን በሐኪም አስሞርዶ ያበላሸ፣ ከዚያም ብዙ እጥፍ ከፍሎ ያስጠገነ ሰው ነው እዚህ የደረሰው።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
አፍህን! ኮሜዲ ውርደት ነው ያለህ ማን ነው? ሚድናይት ረን 1988 ነው፣ ንጹሕ ኮሜዲ። ሞተ ያልከው ሰው በሲልቨር ላይኒንግስ ፕሌይቡክ ለኦስካር ታጨ፤ 80 ዓመት ሞልቶት ደግሞ በኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን እንደገና ታጨ። እሱ ውስጥ ያለው ዊልያም ሄል ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ እንደ ነፍስ አባት እየመከረ ነው የሚያስገድለው። ያንን ቅንድብ ይሠራዋል?

የሰንዳፋ ካሜራ፦
በሁለቱ መሃል አሥር ዓመት አለ ጋሼ። አሥሩን ዓመት ምን ሲሠራ ከረመ?

ኤዲተሩ፦
አይሪሽማን በ2019 አለልህ። ግን እሱን ካነሳን የጣፎው ልጅ ይደሰትብናል። ፊቱን በኮምፒዩተር የወጣት አደረጉት፤ በመሃል ዋናው ካሜራ፣ ግራና ቀኙ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየውን ብርሃን) የሚያነቡ ሁለት ካሜራዎች፣ ፊት ላይ ነጥብ ሳይለጠፍ። 108 ቀን ተቀርጾ 209 ደቂቃ የወጣው ፊልም። ፊቱ ሠርቷል። ልጁን የገፋትን ባለሱቅ አውጥቶ አስፋልት ላይ የሚረግጥበት ቦታ ላይ ግን ጉዱ ፈላ። እግሩ ሲነሳ ጉልበት የለውም፣ ክንዱ ሚዛን ፍለጋ ይከፈታል። የወጣት ፊት፣ የሰባ ምናምን ዓመት ዳሌ።

የጣፎው ልጅ፦
ይኸው! ይኸው! ሚሊዮን ዶላር ኮምፒዩተር አልሸፈነውም። ሥጋ አይዋሽም ማለት ይሄ ነው። እናንተ በትራስ ልትሸፍኑት!

የሰንዳፋ ካሜራ፦
ያ የሥጋ ጥፋት አይደለም፣ የሾቱ ነው። አንድ ሰፊ ሾት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሁሉንም ያሳያል። በሦስት ብትሰብረው ያልፍ ነበር፦ ጎትቶ ሲያወጣው ከኋላ በወጣት ተተኪ፣ እርግጫው ከጉልበት በታች በቅርብ፣ ፊቱ ለብቻ። ለቡጢም ሕጉ ይኸው ነው። ካሜራውን ከተመቺው ትከሻ በስተኋላ ካስቀመጥከው አንድ ስንዝር ርቆ ያለፈ ቡጢ የገባ ይመስላል፤ ጎን ላይ ካቆምከው ክፍተቱ ይታያል፣ ተመልካች ይስቃል።

ኤዲተሩ፦
ስኮርሴዚ ይህን ያጣዋል ብለህ ነው? ሬጂንግ ቡል ላይ ካሜራውን ከቦክስ መድረኩ ገመድ ውስጥ ያስገባው ሰውዬ? ሰፊ ሾቱን የመረጠው ሴት ልጁ ከዳር ቆማ የምታየው ስለሆነ ነው። እርግጫው ለእሷ ነው የሚታየው።

የሰንዳፋ ካሜራ፦
መርጦታል፣ አልሠራም። ሁለቱም ይቻላል።

ቡም ያዥ፦
ቡጢ ካላችሁ ግማሹ ድምፅ ነው። የሬጂንግ ቡልን ድምፅ የሠራው ፍራንክ ዋርነር ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምባቸው ቅጂዎቹን አጥፍቷቸዋል። እሱም ዋጋ ከፍሏል፣ ግን ሬዲዮ ላይ ስሙን የሚያነሳ የለም። እኛ ጋ ከኢንተርኔት የወረደች አንዲት «ጷ!» አለች፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ በየፊልሙ የምትጮኸው እሷው ናት። ሐብሐብ ከዳቦ ቢላ ጋር ስጡኝ፣ አሥር ዓይነት ቡጢ እሠራላችኋለሁ። ግን ጀነሬተሩን መጀመሪያ አርቁልኝ።

ረዳት ዳይሬክተሩ፦
ጀነሬተሩ ሃምሳ ሜትር ርቆ ነበር እኮ።

ቡም ያዥ፦
ሃምሳ ሜትር ከቆርቆሮ አጥር ጋር አስጠግተኸው! አጥሩ ራሱ ስፒከር ሆነ። ከግድግዳ ጀርባ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ውጭ፣ ከሥሩ የመኪና ጎማ። መቶ ጊዜ ተባለ።

ኤዲተሩ፦
ወደ ዲ ኒሮ።

የጣፎው ልጅ፦
ክርስቲያን ቤል ዘ ማሺኒስት ላይ 28 ኪሎ ቀነሰ፤ ወዲያው ባትማንን ለመሥራት መልሶ ጨመረ። እሱንም ፕሮዲውሰሩ ነው የከፈለለት ልትሉኝ ነው? የእኛ ሰው እኮ ሁዳዴን 55 ቀን ይጾማል፣ ለፊልም ሲሆን ነው የሚደክመው።

ሰብሊ ሜክአፕ፦
በሁዳዴ የከሳ አይተሃል? በሽሮና በፓስታ ወፍሮ ነው ፋሲካ ላይ የሚደርሰው። ደግሞ እንደ ቤል በአፕልና በቱና ኪሎ ጥሎ መልሶ መንፋት ልብን የሚነካ ነገር ነው፤ ያለ ሐኪም የሚሞክር ጀማሪ ተዋናይ ካለ ኃላፊነቱን ያ የሬዲዮ እንግዳ ይውሰድ።

ትራስ ትራስ ስላላችሁ ደግሞ፦ ትራስ የሚያሳፍረው ትራስ ስለሆነ ነው። ቦርጭ ክብደት አለው። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣችሁ በስስ ቲሸርት ላይ ስፉት፣ ከላይ ስስ፣ እምብርት አካባቢ ወፍራም። ከታች ከረጢት ሰፍታችሁ ሦስት አራት ኪሎ ማሽላ ጨምሩበት። ያኔ ተዋናዩ ሲቀመጥ ቦርጩ ጭኑ ላይ ያርፋል፣ ሲነሳ ወገቡን ይጎትተዋል፣ ሳይወድ በግዱ አረማመዱ ይለወጣል። የሚያጋልጠው አንገትና ጣት ነው፤ አንገቱን በኮሌታ ሸፍኑት፣ ጣቱን ከካሜራው ዕይታ ውጭ አድርጉት።

የጣፎው ልጅ፦
ማሽላም ሆነ ጤፍ፣ ትንፋሹን አያሳጥርም። ላሞታ አለባበስ ክፍሉ ውስጥ መስታወት ፊት ተቀምጦ ሲናገር የሚሰማው ትንፋሽ በየትኛው ከረጢት ነው የሚሰፋው?

ረዳት ዳይሬክተሩ፦
ከሾቱ በፊት ሁለት ፎቅ ደረጃ ሮጦ ይውጣ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ ሊፍት የለም፣ በነፃ ነው።

የጣፎው ልጅ፦
በሦስተኛው ድግግሞሽ ላብ ይሆናል እንጂ ውፍረት አይሆንም። የሮጠ ሰው በአፉ ነው የሚተነፍሰው፣ የወፈረ ሰው ተቀምጦም በአፍንጫው ያፏጫል። ሁለቱን ያልለየ ረዳት ዳይሬክተር ስለ ዋጋ አያውራኝ።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
ይቺ እንኳ እውነት ናት።

ረዳት ዳይሬክተሩ፦
ጋሼ፣ እርስዎም!

ቡም ያዥ፦
ሰብሊ፣ ማሽላው በላብ ሲርስ አይሸትም?

ሰብሊ ሜክአፕ፦
በሁለተኛው ቀን ይሸታል። ከረጢቱ ተፈቶ በየማታው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይዘርጋ፣ ወይ ፌስታል ውስጥ ይታሰር።

ቡም ያዥ፦
ፌስታል ብሎ ነገር የለም! በተራመደ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ሸሚዙ ሥር ያለው ማይክ ከንግግሩ በፊት እሱን ነው የሚሰማው። ድርብ አቡጀዲ አድርጊበት።

ሰብሊ ሜክአፕ፦
አቡጀዲው ላቡን ያሳልፋል አልኩህ እኮ።

ቡም ያዥ፦
ሁለት ከረጢት ስፊና አቀያይሪያቸዋ!