ሌቭል 11 የደረሰ የዲ ኤን ዲ ካምፔይን እንዴት ይዘጋል? አዲሱስ ከየት ይጀመር?

ከዚራ_ዳይስ፦
ድሬ ውስጥ የማጫውተው የዲ ኤን ዲ (በዳይስና በገጸ ባሕሪ የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ) ካምፔይን፣ ማለትም ተከታታይ ታሪክ፣ ሌቭል 11 ደርሷል። ከአምስቱ ተጫዋቾች ሁለቱ ለሥራ ከከተማ ሊወጡ ነው፤ የቀሩን አራት ቅዳሜዎች ናቸው። ገና ያልተፈታ ብዙ አለ፦ የተሰረቀው ዘውድ፣ የጠፋችው እህት፣ ድራጎኗ። ከዚያ ሁለት አዲስ ሰው ጨምሬ ጁገል (በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር) ላይ የተመሠረተ ካምፔይን መጀመር እፈልጋለሁ። ደንቡ እንደ ፈረንጅ የ2014ቱ ይሻላል የ2024ቱ?

ባለ20ጎን፦
አቦ፣ መጀመሪያ የመዝጊያውን ቀን ለሁሉም ንገር። ቀኑን ያላወቀ ተጫዋች ፖሽኑን (አስማታዊ መጠጡን) ለክፉ ቀን እያለ እንደያዘው ይቀራል። ቀጥለህ እያንዳንዱን «የግድ መፈታት ያለበት አንድ ጉዳይ የቱ ነው?» በለው። ማንም ያልጠራውን ተወው፤ ዘውዱን ካላነሱት ድራጎኗ ጋ ይገኝና ይለቅ። ከአሁን በኋላ አዲስ ምስጢር እንዳታስገባ። መዝጊያን የሚያጓትተው እሱ ነው።

ሁለት ቅዳሜ ለጉዳዮቹ፣ ሦስተኛው ለድራጎኗ። ውጊያውን ገና እንደተቀመጣችሁ ጀምር፣ በዚህ ሌቭል ሁለት ሦስት ሰዓት ይበላል። ብቻዋን ከቆመች ግን ቶሎ ትወድቃለች፤ እነሱ በዙር አምስት ተራ አላቸው፣ እሷ አንድ። ሌጀንደሪ አክሽኖቿን (ከራሷ ተራ ውጪ የሚፈቀዱላትን እርምጃዎች) በሌሎቹ ተራ ማብቂያ ላይ ሦስቱንም ተጠቀምባቸው፣ አራት አምስት አገልጋይም ጨምርላት። በአራተኛው ቅዳሜ ዳይስ አይወርወር። እያንዳንዱ ገጸ ባሕሪ ከዓመታት በኋላ የት እንደደረሰ ባለቤቱ ይናገር፣ አንተ አዳምጥ።

የሳቢያን_ልጅ፦
ደንቡ የትኛውም ይሁን፣ ብቻ አትቀላቅል። ኪዩር ዉንድስ የሚባለው የፈውስ አስማት በ2014ቱ አንድ ባለ 8 ጎን ዳይስ ነው፣ በ2024ቱ ሁለት። ክለሪክም (ካህን የሆነው ገጸ ባሕሪ) በፊት ንዑስ ክፍሉን በሌቭል 1 ይመርጥ ነበር፣ አሁን ሁሉም በ3 ነው። ግማሹ ከአንዱ ግማሹ ከሌላው ካነበበ ክርክር አያልቅም። መጽሐፍ ከሌላችሁ ኤስ አር ዲ 5.2 (የ2024ቱ መሠረታዊ ደንብ) በነጻ ይወርዳል፣ ስልክ ላይ ይበቃል።

ከሌቭል 3 ጀምሩ። 11 የለመደ ሰው 1 ላይ ይሰለቻል፤ ከፍ ብትሉ ደግሞ አዲሶቹ በችሎታ ብዛት ይሰጥማሉ። የገጸ ባሕሪውን የጉልበት፣ የብልሃትና መሰል ነጥቦች 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8 አድርጋችሁ አከፋፍሉ። ገጸ ባሕሪያቱን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ፤ እያንዳንዱ አዲስ ሰው ከአንድ ነባር ጋር ዝምድና ወይም ዕዳ ይኑረው። አለበለዚያ ነባሮቹ ስለ ድሮው ሲያወሩ አዲሶቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ሸዋ_በር፦
ለጁገል ዘመኑን በአሚሮቹ ጊዜ አድርገው፣ እንደ ፈረንጅ በ1875 ግብጾች ከመግባታቸው በፊት። የድሮዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ ኤረር፣ ፈላና። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ በር ስጠውና የበሩን ጠባቂ፣ እዚያ የሚሸጠውንና የሚፈራውን ነገር ራሱ ይጻፍ። ግማሹን ዝግጅት ሠሩልህ ማለት ነው። ሌሊት በሮቹ ሲዘጉ ስድስተኛው መግቢያ በግንቡ ሥር ያለው የጅቦቹ ቀዳዳ ይሁን። ጅቦቹን የሚገደል ጠላት አታድርጋቸው፤ ሐረር ላይ ጅብ የሚመገብ እንጂ የሚታደን አይደለም። አዋቾቹንም (የወሊዮቹን መቃብሮች) ጭራቅ መደበቂያ አታድርጋቸው፣ ሰው ዛሬም የሚጸልይባቸው ናቸው። ለዋሻና ለሀብት የሚሆን ቤት ራስህ ፍጠር።