ተሰልቶ የሚገኝ ነገር ስቶር ውስጥ ይቀመጥ ወይስ ይውጣ?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። በታይፕስክሪፕት (የዳታ ዓይነት በሚፈትሽ የጃቫስክሪፕት ቅጥያ) እና በዙስታንድ (የሪአክት አፕ ዳታ በሚይዝ ላይብረሪ) የሠራነው የሱቅ አፕ አለን። ስቶሩ ውስጥ (አፑ ዳታውን በጋራ የሚያስቀምጥበት ቦታ) የዕቃው ዝርዝር፣ ብዛቱ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ በፍለጋ የተጣራው ዝርዝር፣ ሁሉም ታጭቋል። እኔ ከዝርዝሩና ከፍለጋው ቃል በቀር ሌላው ይውጣ እላለሁ። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሏል። ምን ትላላችሁ?

ይውጣ ባይ፦ ዛሬውኑ ይውጣ! እኔ ጋ አንድ ልጅ የዕቃ መሰረዣውን ፈንክሽን ሲጽፍ ጠቅላላውን መቀነስ ረሳ። ደንበኛው ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ሳለ 1,200 ብር ክፈል ተባለ። ታይፕስክሪፕት ትንፍሽ አላለም። ለእሱ ቁጥር እስከሆነ ድረስ ልክ ነው።

ይቆይ ባይ፦ አልስማማም። 5,000 ዕቃ በየፊደሉ ሲጣራ ደካማ ስልክ ይንቀረፈፋል። ዙስታንድ ደግሞ እንደ ሞብኤክስ (ሌላ የስቶር ላይብረሪ) ከዳታው ውጤት ራሱ የሚያሰላ ኮምፒዩትድ የለውም። ሴሌክተሩ (ከስቶር ዳታ መርጦ የሚያወጣው ፈንክሽን) ውስጥ ፊልተር ስናደርግ በየጊዜው አዲስ አሬይ (ዝርዝር) እየመለሰ፣ ቨርዥን 5 ላይ ገጹ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገባብን።

ይውጣ ባይ፦ ቃሉ ሲቀየርማ አንተም ስቶር ውስጥ እንደገና ታሰላዋለህ። ሥራው ያው ነው! ዝርዝሩንና ቃሉን ለየብቻ አውጣና ማጣራቱን ዩዝሜሞ (ያሰላውን ውጤት የሚያስታውስ የሪአክት ፈንክሽን) ውስጥ አድርገው። አንዳቸው ካልተቀየሩ አይሰላም፣ ዙሩም ይቀራል።

ይቆይ ባይ፦ ሦስት ኮምፖነንት (የገጹ ክፍል) ያንኑ ዝርዝር ቢፈልግስ? ሦስቴ ሊሰላ ነው።

የሂሳብ ሶፍትዌር የምትሠራ፦ ለዚያ ሪሴሌክት የሚባለው ላይብረሪ ክሪኤትሴሌክተር አለው፤ ውጤቱን የሚያስታውስ ሴሌክተር ይሠራል። ከሪደክስ (ከሌላ የስቶር ላይብረሪ) ውጭም ያገለግላል፤ አንዴ አስልቶ ለሦስቱም ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ግን እባካችሁ ሁሉንም እንዳትጠርጉ። ትዕዛዙ ከተላከ በኋላ የተከፈለው ዋጋ ይቀመጥ። ነገ ስኳር ቢወደድ የትናንቱ ደረሰኝ አብሮ መጨመር የለበትም። እሱን ከዛሬ ዋጋ አስልታችሁ አታገኙትም።

ጠያቂው፦ ይሄ አልታየኝም ነበር፣ ተባረኪ። «እየጫነ ነው»፣ «ተሳክቷል»፣ «ስህተት አለ» የሚሉ ሦስት ቡሊያኖችስ (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዙ)?

የሂሳብ ሶፍትዌር የምትሠራ፦ ሦስቱ 8 ጥምረት ይሰጡሃል፤ ትርጉም ያለው 4 ብቻ ነው፦ ገና አልተጀመረም፣ እየጫነ ነው፣ ተሳክቷል፣ ስህተት አለ። በአንድ ስታተስ ተካቸው፣ በዩኒየን ታይፕ (ከተዘረዘሩት አንዱን ብቻ በሚቀበል ዓይነት)። ዳታው «ተሳክቷል» ሥር ብቻ ይኑር። ያኔ ሳትፈትሽ ዳታውን ብትነካ ታይፕስክሪፕት ራሱ ይጮህልሃል።

ይቆይ ባይ፦ ቡሊያኖቹ ላይ ተስማምቻለሁ። የተጣራውን ዝርዝር ግን በሪሴሌክት ሠርቼ ደካማው ስልክ ላይ ካልለካሁ ከስቶር አላወጣውም።