«ፕሮሰስ ላይ ነው» ይቅር ወይስ ይኑር?

ጠያቂው፦ ቤተሰብ፣ እስቲ እንከራከር። መንግሥት ቢሮ ውስጥ «ፕሮሰስ ላይ ነው» የሚባለው መልስ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። «ሂደት» የሚል ቃል እያለን ባለጉዳይን በእንግሊዝኛ መሸኘት ምን ይሉታል?

የመዝገብ ቤቱ፦ ቃሉ ቢቀየር ምን ይለወጣል ወንድሜ? ቢፒአር፣ ያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥሩ የመለወጥ ፕሮግራም፣ የመጣ ጊዜ ሁሉም በአማርኛ ተሰይሞ ነበር እኮ። መምሪያው «ዋና የሥራ ሂደት»፣ ኃላፊው «የሂደት ባለቤት» ተባለ። ባለጉዳዩ ግን ያው «በሂደት ላይ ነው፣ ነገ ተመለስ» ተብሎ ነው የሄደው። ፋይሉ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ የማን ፊርማ እንደቀረው ንገሩት፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ።

መምህሯ፦ ሁለቱ ቃላት እኩል አይደሉም። ሰፈር ውስጥ «ልጅቷ ፕሮሰስ ጀምራለች» ቢባል ውጭ ልትሄድ እንደሆነ እናቴም ታውቃለች። «ወዴት? በማን በኩል?» ነው የምትለው። «ሂደት ጀምራለች» በሉ እስቲ፣ ማን ይገባዋል? እንግሊዝኛው ማመልከቻ መመርመርም፣ ምግብ ማቀነባበርም፣ ኀዘንን ቀስ በቀስ መቀበልም ይሆናል፤ ለስደት ጉዞ ስም ያደረግነው ግን እኛ ነን። ይኑር።

ከሪያድ፦ መምህርት፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ትርጉም ነው። ደላላው «ፕሮሰሱ ይህን ያህል ነው» ሲል ፓስፖርቱንም፣ ቪዛውንም፣ ትኬቱንም፣ የራሱንም ኪስ አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን አሠሪው ይክፈል ብሏል። እዚህ ካሉ እህቶቼ መካከል ግን ቤተሰብ በሬ ሸጦ «ለፕሮሰስ» የከፈለላቸው አሉ። ለየቱ እንደተከፈለ ብትጠይቋቸው አያውቁም።

ጠያቂው፦ ታዲያ ይሄ የእኔን ሐሳብ አያጠናክርም? ቃሉ ሁሉን ስለሚሸከም ነው መደበቂያ የሆነው።

ከሪያድ፦ መከልከሉን አልደግፍም። ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነው፤ በማያውቁት ቃል ብትመክራቸው ምክሩ አይደርሳቸውም። ወረዳ ላይ ግንዛቤ የሚሰጠው ሰው «የፕሮሰስ ብር ካሉሽ በዝርዝር አስጽፊ፤ ቪዛና ትኬት ካለበት አትክፈይ» ይበላት።

የመዝገብ ቤቱ፦ እዚህ ላይ ተስማምቻለሁ። ቢሮም ያው ነው፦ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ካሉህ «የትኛው ክፍል? ማን ጋ?» ብለህ እዚያው ቁም።