የኮምፓሱ ቀይ ጫፍ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ አረፋም አለው፣ ይስተካከላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ግልጽ የፕላስቲክ መደብ ያለውና መርፌው ፈሳሽ ውስጥ የሚዞር የእግር ጉዞ ኮምፓስ ነው። ከስልክ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከቆየ በኋላ ቀዩ ጫፍ ደቡብን ማሳየት ጀመረ። 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን አረፋም ይታያል። እባካችሁ፣ ይስተካከላል ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ 1
አረፋው አያሳስብዎት። ፈሳሹ ቀላል ዘይት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከፕላስቲኩ የበለጠ ይኮማተርና ክፍተት ይፈጠራል። ከፍታ ቦታ ላይም የአየር ግፊት ስለሚቀንስ አረፋ ይወጣል። ሲሞቅ ከጠፋ፣ ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ ከቀረ ንባቡን አያዛባም። ከቀን ወደ ቀን ካደገ ግን ፈሳሹ እየሾለከ ነው፤ ያኔ ይቀይሩት። መርፌውን በተመለከተ፣ መገልበጡን እስካወቁ ድረስ በነጩ ጫፍ ሰሜንን መያዝ ይቻላል።

መልስ 2
በነጩ ጫፍ መጓዝ የሚለውን አልቀበለውም። የተገለበጠ መርፌ ብዙውን ጊዜ ተዳክሟል፤ እየተጎተተ ይዞርና ቦታው ሳይደርስ ይቆማል። የ10 ዲግሪ ስሕተት በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 175 ሜትር ያስትዎታል። በዚያ ላይ ጉም ሲወርድና ድካም ሲበረታ የትኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ ይምታታል። መርፌውን እንደገና ማግኔት ያድርጉት።

ጠንካራ ዘንግ ማግኔት ያስፈልጋል። መሐሉን በክር አስረው ያንጠልጥሉት፤ ሲረጋ ወደ ሰሜን የዞረው ጫፍ ሰሜን ዋልታው ነው። የሚሠሩበት በሌላኛው፣ በደቡብ ዋልታው ነው። ጫፉን ከመርፌው እምብርት በላይ መስታወቱ ላይ ያሳርፉ፤ በቀዩ ክንድ ላይ እየሳቡ ከኮምፓሱ ውጭ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁት። ሲመልሱ ከፍ አድርገው በአየር ላይ ነው እንጂ በመጡበት አይደለም፤ ወደ ኋላ ከሳቡት የሠሩትን ያፈርሳሉ። አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ሞከርኩት፣ ግን መርፌው ማግኔቱን ሸሽቶ ይሽከረከራል።

መልስ 2
የሚጠበቅ ነው፤ አሁን ቀዩ ጫፍ ራሱ ደቡብ ዋልታ ስለሆነ ይገፋፋሉ። መርፌው የኮምፓሱን ውስጠኛ ወለል ነክቶ እስኪያዝ ድረስ ኮምፓሱን ያዘንብሉት፣ ከዚያ ማግኔቱን ፈጠን አድርገው ይሳቡ።

መልስ 3
ሲጨርሱ ማግኔቱን ከክፍሉ ያውጡና ይፈትሹ። ኮምፓሱን ጠፍጣፋ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የቆመበትን ዲግሪ ይመዝግቡ። የብረት ቢላዋ አስጠግተው መርፌውን ያስቱት፤ ቢላዋውን ያርቁና ሲረጋ እንደገና ያንብቡ። ሦስት ጊዜ በ2 ዲግሪ ውስጥ ከተመለሰ ደህና ነው። በየጊዜው ሌላ ቦታ ከቆመ መርፌው የሚዞርበት ሹል ጫፍ ተበልቷል፣ ማግኔትም አያድነውም። ከሌላ ኮምፓስ ጋር ሲያመሳክሩ ቢያንስ 1 ሜትር ያራርቋቸው፤ አንዱ የሌላውን መርፌ ይስባል።

ስልክ የድምፅ ማውጫው ውስጥ ማግኔት አለው፤ በማግኔት የሚዘጋ የስልክ ቦርሳ ደግሞ ይብሳል። ኮምፓሱን አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉ፣ ስልኩን ከጀርባ ቦርሳው ውስጥ ይክተቱ። ሲያነቡም ከመኪና 20 ሜትር፣ ከከፍተኛ ኃይል መስመር 55 ሜትር ያህል ይራቁ።