ጥቆማ፦ ሲዲ ማጫወቻ ማሻሻል፤ ባህር ዳር ላይ ማን ጋ? ምንስ ይሻላል?

ታንኳ፦
ጤና ይስጥልን። ሳሎን ያለው የሶኒ ሚኒ ሲስተም መዝለል ጀምሯል፤ አንዳንዱን ዲስክ ጭራሽ አያነብም። አምፕሊፋየርና ስፒከር ለብቻ ስላለኝ ሚኒው የሚያገለግለው እንደ ሲዲ ማጫወቻ ብቻ ነው። ሦስት ሐሳብ አለኝ። እዚሁ ባህር ዳር ሌንሱን ማስቀየር፣ ወይ ያገለገለ ማራንዝ ሲዲ6006 ከአዲስ አበባ ማስመጣት፣ ወይ ቤት ያለውን ዲቪዲ ዴክ ከዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ከሚቀይረው ዕቃ) ጋር ማገናኘት። ያሻሻላችሁ ሰዎች በጆሮ የሚሰማ ምን ለውጥ አገኛችሁ? ሌንስ የሚቀይር የታመነ ባለሙያስ የት አለ? የማዳምጠው ክራርና ማሲንቆ፣ የድሮ ባንዶች፣ ትንሽ ጃዝ። እባካችሁ ፍላሽ አትበሉኝ።

የፔዳ ልጅ፦
ፍላሽ ለምን አትጠቀምም?

ታንኳ፦
ወይ ጉድ።

መበየጃ፦
መጀመሪያ ሌንሱ፣ ማለትም ከነሌዘሩ ዲስኩን የሚያነበው ክፍል፣ መሞቱን አረጋግጥ። ሲዲ ዘለለ ሲባል ሁሉም ሌንስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ሲዲ የሚነበበው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያው ላይ ደህና ሆኖ መጨረሻው ላይ የሚዘል ከሆነ ሌንሱ የሚንሸራተትበትን ዘንግ ተመልከት፤ ቅባቱ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። አሮጌውን በአልኮል ጠርገህ በጣም ጥቂት ነጭ ግሪስ ቀባ። ዲስኩ ትንሽ ዞሮ «ኖ ዲስክ» የሚልህ ከሆነ ግን ወይ ሌንሱ ነው ወይ የሚያዞረው ሞተር። ውስጠኛው ክብ ላይ ሲዲ በደቂቃ ወደ 500 ዙር ይዞራል፣ ጠርዙ ላይ ወደ 200 ይወርዳል። ስለዚህ የደከመ ሞተር የሚሸነፈው ገና ከመጀመሪያው፣ የዘፈኖቹ ማውጫ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጽዳት። ሶኬቱን ንቀል፣ ክዳኑን ክፈት፣ የጆሮ ጥጥ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረህ ጨምቀው፣ ሳትጫን ከመሃል ወደ ዳር እያዞርክ ጥረግ። ሌንሱ የተንጠለጠለው በቀጫጭን ሽቦ ስለሆነ ከተጫንከው ይጣመማል። 70 በመቶው አልኮል ውሃ ስላለበት ሲደርቅ ጭጋግ ይተዋል። ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ሳሎን ከሆነ ደግሞ የዕጣን ጢስ እንደ ቅባት ነው፤ ብፌ ላይ የተቀመጠ ማጫወቻ በደንብ ይለብሰዋል። ጢሱ ከሌንሱ በታች ያለው መስታወት ላይ ከደረሰ ከላይ በጥጥ አይወጣም።

አምባዛ፦
ሌንስ አስቀይር የሚልህን አትስማ። እዚሁ ከተማ አንድ ጥገና ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ያማሃዬን «ሌንስ ተቀይሯል» ብሎ አስከፈለኝ። ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሞተ። ከፍቼ ሳየው ሌንሱ ያው የድሮው ነው። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ብሎን ላይ ብቻ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት አለ።

የዓባይ ማዶው፦
ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው ነው?

አምባዛ፦
አልጠራም አልኩ እኮ።

የዓባይ ማዶው፦
ገባኝ፣ እሱ ነው።

አምባዛ፦
እሱ አላልኩም!

ሽምብጥ፦
ባለሙያ ሁሉ አንድ ላይ አይከሰስ። ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ያሉት ጋሼ ጋ ውሰደው፤ በእሳቸው አልደራደርም። እጃቸው ወርቅ ነው።

መበየጃ፦
ሽምብጥ፣ የሲዲ ሌንስ ይቀይራሉ?

ሽምብጥ፦
ሲዲ እንኳ አላሠራሁም። ምጣድ ነው የሠሩልኝ። ግን ሰውየው ሰውየው ነው።

ዋሽንት፦
እንግዲያውስ ታንኳ፣ ማራንዙን ትተህ ምጣድ ግዛ። ከላዩ ላይ በወርቅ የተለበጠ የመብራት ገመድ ብታደርግበት ደግሞ መብራት ሲሄድ ዝምታው ራሱ ጥልቀት ይኖረዋል።

መበየጃ፦
አምባዛ ያያት ብሎን ነገሩን ታስረዳለች፤ ላብራራው። ብሎኗ የሌዘሩን ጅረት የምትወስን ተለዋዋጭ ሬዚስተር ናት። የሲዲ ሌዘር በደህና ጊዜው ከ40 እስከ 60 ሚሊአምፔር አካባቢ ይጠጣል። ሲያረጅ ብርሃኑ ይቀንሳል። ብሎኗን ከፍ ስታደርጋት ለጊዜው ያነባል፤ ነገር ግን ለደከመ ሌዘር ጅረት መጨመር ለደከመ በቅሎ ጭነት መጨመር ነው፣ እርጅናው ይፈጥናል። ብዙ የሶኒ ሌንሶች ላይ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ አለ፤ በውስጡ የፋብሪካው ጅረት ተጽፏል። የሚለካው ከዚያ 10 በመቶ በላይ ከሆነ ሌዘሩ አርጅቷል፣ ይቀየር። መለኪያ የሌለው ሰው ያቺን ብሎን ባይነካት ይሻለዋል።

አምባዛ፦
ታዲያ አላልኩም? ሌቦች ናቸው።

መበየጃ፦
ሁሉም ሌባ አይደለም፤ አንዳንዱ የማያውቅ ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው። ሳትሰጥ በፊት ክዳኑን ከፍተህ የሌንሱን ፎቶ አንሳ፣ ጎኑ ላይ በማርከር ነጥብ አድርግ፣ «አሮጌውን እወስዳለሁ» በል። ይህን ስትል ፊቱ የሚቀየር ባለሙያ ካለ ዕቃህን አንስተህ ውጣ።

ዕቃውን ራስህ ብታስመጣው ደግሞ ይመረጣል። የሶኒ ሚኒዎች ሌንስ ብዙ ጊዜ ኬኤስኤስ-213 ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ከኋላ የምትመጣው ፊደል፣ ቢ ናት ሲ ናት፣ ለውጥ ስላላት ከነፊደሏ ገልብጥ። ሳንዮ ኤስኤፍ-ፒ101ኤን ሆኖ ካገኘኸው ባለ 15 እና ባለ 16 እግር ስላለ ቁጠረው። ሌንሱን ለብቻው ሳይሆን ሞተሩ ያለበትን ሙሉ መቀመጫ፣ ኬኤስኤም የሚባለውን፣ ብታገኝ አራት ብሎን ፈትቶ መግጠም ብቻ ነው፤ የሞተሩም ጥርጣሬ አብሮ ይወጣል።

አዲስ ሌንስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ከስታቲክ (ሰውነት ላይ ከሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) እንዲጠበቅ ሰሌዳው ላይ ሁለት ነጥብ በሊድ ጠብታ ተገናኝቶ ይመጣል። ሪባኑ (ጠፍጣፋው ገመድ) ከተሰካ በኋላ ጠብታዋ በመበየጃ ትነሳለች። ቀድማ ከተነሳች በእጅህ ስታቲክ ሌዘሩ ሊሞት ይችላል። ጨርሳ ካልተነሳች ደግሞ ሌዘሩ አይበራም፤ ያን ጊዜ ነው «አዲሱም ብልሹ ነው» የሚባለው።

ቀረሶ፦
ስፒከርህ ስንት ኢንች ነው? 12 ኢንች ባስ ከሌለህ ሲዲውን ብትቀይር ባትቀይር ዋጋ የለውም።

የፔዳ ልጅ፦
ሚኒው ብሉቱዝ አለው?

ደንገል፦
ታንኳ የጠየቀውን የመለሰ የለም። «ምን ለውጥ ይሰማል?» ነው ያለው፣ እኔ ልሞክር።

በመጀመሪያ ድምፁን ሳታስተካክል አታወዳድር። የሲዲ ማጫወቻ መውጫ በተለምዶ 2 ቮልት ነው፤ የሚኒ ሲስተም መውጫ ከዚያ ያንሳል። አዲሱን ስትሰካ ያለ ምንም ሌላ ምክንያት ጮክ ስለሚል «እንዴት ጠራ!» ትላለህ። ጆሮ ጮክ ያለውን ይመርጣል። የ200 ኸርዝ መፈተሻ ድምፅ ሲዲ ላይ አቃጥለህ አጫውት፣ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የስፒከሩን ሁለት እግሮች ለካ። አንዱ 2.00 ካለ ሌላው ከ1.98 እስከ 2.02 እስኪሆን ቮሊዩሙን አስተካክል፤ ወደ 0.1 ዴሲቤል ማለት ነው። 1000 ኸርዝ አትጠቀም፤ ርካሹ መልቲሜትር ከ400 በላይ ይዋሻል። ሚኒው ላይ ያለውን የባስ ማጎልበቻና «ጃዝ፣ ሮክ» የሚሉትን ሁሉ አጥፋ። ያን ሳታጠፋ የምታወዳድረው ማጫወቻ ከማጫወቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከሚኒ ወደ ደህና ማጫወቻ ስትሻገር የሚሰማው ይህ ነው። ከስር ያለው ጉምጉምታና እሽታ ይጠፋል፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል ዝምታው ዝምታ ይሆናል። ክራር ላይ ክሩ ከተመታ በኋላ የሚቀረው ንዝረት እስከ መጨረሻው ይከተልሃል። ማሲንቆ ላይ ጭራው ጭራውን ሲያሽ ያለው ሻካራነት ከዜማው ተለይቶ ይሰማል። ከበሮው አይጨምርም፤ እንዲያውም የሚኒውን የተነፋ ባስ ለለመደ ሰው የቀነሰ ይመስለዋል። በደህና ማጫወቻና በሌላ ደህና ማጫወቻ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ በተስተካከለ ድምፅ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው።

የማይለወጠውንም ልንገርህ። የድሮ ባንዶች ሲዲዎች ብዙዎቹ የተገለበጡት ከካሴት ነው። የቴፑ እሽታና የጠበበው ከፍተኛ ድምፅ ዲስኩ ላይ ታትሟል፤ ማራንዝም አያጥበውም፣ ይልቁንስ አጥርቶ ያሰማሃል። ገበያ ላይ ከኤምፒ3 የተቃጠሉትም እንደዚያው፤ ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይንሾካሾካል። ለማሻሻል ስትወስን በታተመ ኦሪጅናል ዲስክ ፈትን።

ዋሽንት፦
እህቴ፣ በዚህ አገላለጽ ሚኒዬን ዛሬውኑ ልጥለው ነው። ከቀልድ ወጥቼ አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ዲስኩንም እዩ። ስትጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ ዙሪያውን አይደለም። ማጫወቻው የንባብ ስህተት የሚያርምበት ዘዴ እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ጉድለት ይሞላል፤ በቀጥታ የሚያቋርጥ ጭረት ጠባብ ስለሆነ ያልፈዋል፣ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ግን ረጅም ጉድለት ይሆንበታል። ጽሑፍ ያለበት ወገን ከተጫረ ደግሞ የባሰ ነው፤ አልሙኒየሙ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው።

የዓባይ ማዶው፦
ማራንዙን በተመለከተ፦ 6006 ውስጥ ያለው ዳክ ቺፕ ሲኤስ4398 ነው፣ 6007 ላይ ኤኬ4490። በቺፕ ስም አትግዛ፤ የኋላ ሰሌዳውን ፎቶ አስልክ። 230 ቮልት ካለ ይሆናል። 100 ቮልት የጃፓን፣ 120 የአሜሪካ ነው፤ በቀጥታ የእኛ 220 ላይ ከሰካኸው ትራንስፎርመሩን ሰነባብተው። ከወደድከው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ ሲዲ ማጫወቻ ብዙ ስለማይጠጣ የ100 ቮልት-አምፔሯ ትበቃለች። ስታብላይዘርም አትርሳ፤ ዕቃ የሚገድለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሻጩ ፊት የተቃጠለ ዲስክ አስገብተህ የመጨረሻውን ዘፈን አስከፍት። የተቃጠለ ዲስክ ከታተመው ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ የደከመ ሌንስ ቶሎ ይታወቅበታል። በመኪና ስታስልክ ውስጡ ዲስክ እንዳይቀር።

አምባዛ፦
ከአዲስ አበባ ገዝቶ ቢበላሽ ማን ጋ ሊወስደው ነው? ለነዚያው ብሎን ጠምዛዦች?

ሽምብጥ፦
ጋሼ አሉ አልኩ እኮ።

መበየጃ፦
ሦስተኛው ሐሳብ ስለተረሳ። ዲቪዲ ዴኩ ከኋላ ብርቱካናማ አርሲኤ መውጫ ካለው ኮአክሲያል የሚባለው የዲጂታል ድምፅ መውጫ ነው፤ ግማሹ መንገድ ተጠናቋል። ልዩ ገመድ አትግዛ፤ ቢጫው የቪዲዮ ገመድ 75 ኦም ስለሆነ በትክክል ያገለግላል። ቴሌቪዥን ላይ አገናኝተህ የዴኩን ማስተካከያ ክፈትና የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ኤስፒዲአይኤፍ (የዲጂታል መውጫው ስም ነው) የሚለውን ፒሲኤም ላይ አድርግ። «ኦፍ» ላይ ከሆነ ምንም አይወጣም። «ሮው» ላይ ከሆነ ሲዲው ይሠራል፣ የፊልም ዲስክ ስታስገባ ግን ዳኩ ወይ ዝም ይላል ወይ ይንጫጫል። ኢኳላይዘርና «3ዲ» የሚባሉትን አጥፋ። ፊልም ማንበብ ያቃተውን ዴክም አትጣል፤ ለሲዲ 780፣ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር የሆነ የተለያየ ሌዘር ስለሚጠቀም ሲዲ ሊያነብልህ ይችላል።

ጉድለቱ፦ ቴሌቪዥኑ ካልበራ ስንተኛው ዘፈን ላይ እንዳለህ ብዙዎቹ አያሳዩም፣ ርካሾቹ ሲዞሩ ያጉረመርማሉ፣ አንዳንዶቹም የሲዲውን 44.1 ኪሎኸርዝ ወደ 48 ቀይረው ነው የሚያወጡት። ዳክህ ቁጥሩን የሚያሳይ ከሆነ ወዲያው ታየዋለህ።

ደንገል፦
ይህኛው መንገድ ለእኔ ከሦስቱ ብልሁ ነው፤ ዴኩ ቢሞት ዳኩ ይቀራል። ለሐይቁ ዳር ሰፈሮች አንድ ነገር፦ በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ማጫወቻውን ከግድግዳ 10 ሴንቲሜትር አርቁት። ጠዋት አላነብ ካለ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ ጠብቁ፤ ጤዛ ሊሆን ይችላል። ዳንቴሉንም ከላዩ አንሱት፣ መተንፈሻውን ይዘጋል።

ቀረሶ፦
ዳንቴል አንሱ ከተባለማ ቤት ውስጥ ሌላ ጦርነት ነው። 12 ኢንቹን ግን አስቡበት።

የፔዳ ልጅ፦
ጂፓስ የሚገዛ አለ? ሁለት ስፒከር፣ ሲዲው አያነብም፣ ፍላሽ ይሠራል።

ዋሽንት፦
ዋጋ?

የፔዳ ልጅ፦
በውስጥ።

ታንኳ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ናቸው?

ሽምብጥ፦
እስከ 11 ሰዓት።

የዓባይ ማዶው፦
የቱን ነው የምትሉት?