ገራሟ በቅሎዬ ጭነት ይዛ ቁልቁለት አልወርድ አለች

ጅማ አቅራቢያ፣ ማና ወረዳ ውስጥ የቡና ማሳ አለን። ማሳው ተዳፋት ላይ ስለሆነ እሸት ቡናውን እስከ ማጠቢያ ጣቢያው የምናወርደው በእንስሳት ጭነት ነው። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ከረጢት ውስጥ ሞቆ መብላላት ስለሚጀምር፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

አራት ዓመት የሞላት በቅሎ አለችኝ። እንደ እርሷ ገራም እንስሳ አላየሁም፤ ሕፃን ልጅ ይስባታል፣ ኮርቻም ቶሎ ለመደች። ሙሉ ጭነት ይዛ ዳገት ትወጣለች። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ግን ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጅራቷን ወሽቃ፣ የፊት እግሮቿን ተክላ ትቆማለች።

ጭነቱን በግማሽ ቀነስኩ፤ ለውጥ የለም። ከአሮጌ አጋሰስ ኋላ አስከተልኳት፤ ባዶዋን ወረደች፣ ስትጫን ቆመች። ጀርባዋን ብዳብስ ቁስልም እብጠትም የለም። ጎረቤቶቼ «ዱላ ያቀናታል» ይላሉ። እኔ አላደርገውም፤ በፍቅር የተገራችን እንስሳ በዱላ ማበላሸት ነውርም ኪሳራም ነው።

የምጠረጥረው ጠፍሩን ነው። ቁልቁል ስትራመድ ጭነቱ ወደ ትከሻዋ ይንሸራተታል፣ በጅራቷ ሥር የሚያልፈው ቀጭን የናይሎን ገመድም ይከረክራታል። ገመዱን በጨርቅ ስጠቀልለው ጥቂት ወረደች፤ ነገር ግን ገመዱ ላልቶ ከረጢቱ አንገቷ ሥር መጣ።

በቅሎ ጭናችሁ ቁልቁለት የምታወርዱ ሰዎች፣ ጭነቱ ወደ ፊት ሳይንሸራተት፣ ጅራቷም ሳይላጥ የኋላውን ጠፍር በምንና እንዴት ታስሩታላችሁ?